ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ለሊቃውንት የሚቀረው ሥራ

በሰው ልጆች መካከል ጠብና ክርክር በተነሣ ጊዜ ነገሩን የሚቈርጠው ዳኛ ነው። ዳኛው ግራ ቀኙን ሰምቶ፥ ምስክር ቈጥሮ፥ ሕግ ጠቅሶ ፍርዱን ሲሰጥ፥ ረቺው ደስ ብሎት ተረቺውም አዝኖ ከአደባባይ ይመለሳሉ። በሁለት ጎረቤቶች መካከል ስለ ድንበር ለተነሣ ክርክር ይህ ይበቃ ይሆናል። በዳዩ መንግሥትና የጦር ሠራዊት፥ ተበዳዩም ሕዝብ በሆነ ጊዜ ግን የፍርዱ ቃል መነበብ የነገሩ መጨረሻ አይደለም። ማን አዘዘ፤ ማን ታዘዘ፤ ማን አይቶ ዝም አለ፤ ከተበደሉትስ መካከል ማን ሳይጠየቅ ቀረ፤ ዳኞቹስ በምን ሕግ ፈረዱ የሚለው ጥያቄ ለሚከተለው ትውልድ ይተላለፋል። ይህን ጥያቄ አንሥቶ፥ መዝገብ ገልጦ፥ እውነቱን ከሐሰቱ ለይቶ ለማስረዳት ጊዜውም ዕውቀቱም ያለው የከፍተኛ ትምህርት ቤት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናመለክት ያሰብነው በእስያ ምድር ስለ ተደረጉት የመንግሥታት ፍርዶችና፥ ዩኒቨርሲቲዎች በእነዚህ ፍርዶች ላይ ስለሚያደርጉት ምርመራ ነው። ነገሩ ሩቅ መስሎ ቢታይም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ ወደ መጨረሻው እናስረዳለን። ከአንድ ስፍራ በቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ በጃፓን ሹማምንትና የጦር አለቆች ላይ የሚፈርድ የሩቅ ምሥራቅ ዓለም አቀፍ የጦር ፍርድ ቤት በቶኪዮ ከተማ ተቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ችሎቱን ከፈተ። በችሎቱ 28 ሰዎች ተከሰሱ። ከእነዚህም ሁለቱ ፍርድ ሳይደርስ ሞቱ፤ አንዱ አእምሮው ታውኳል ተብሎ ከክሱ ወጣ፤ የቀሩት 25ቱ ሁሉ በ1948 ዓ.ም. ጥፋተኞች ተባሉ። ሰባቱ በስቅላት ሲቀጡ፥ 16ቱ በዕድሜ ልክ፥ ሁለቱም በዓመት በተወሰነ እስራት እንዲቀጡ ተፈረደ። ከ11 አገሮች ከተላኩት 11 ዳኞች መካከል እስያውያን ሦስት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም የቻይናው፥ የፊሊፒኑና የሕንዱ ዳኞች ናቸው። ከ1910 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓን ቀንበር ሥር የኖረው የኮርያ ሕዝብ ግን አንድም ዳኛ አላስቀመጠም።

ዳኞቹ በአንድ ቃል አልፈረዱም። የሕንዱ ዳኛ ራዳቢኖድ ፓል ከሺህ ገጽ በላይ የሆነ የልዩነት ሐሳብ ጽፈው፥ ጦርነት መክፈት አስቀድሞ በሕግ ወንጀል ሳይባል ሰውን ስለዚያ መቅጣት አይገባም፤ ድል ያደረገ ወገንም ድል በሆነው ላይ ብቻ ሲፈርድ ሚዛኑ አይስተካከልም ሲሉ ተከሳሾቹ ሁሉ ነጻ እንዲወጡ አሳሰቡ። ይሁን እንጂ የጃፓን ወታደሮች ያደረጉትን ግፍ አልተደረገም አላሉም። የሆላንዱ ዳኛ ሮሊንግ አምስቱ ነጻ ሊወጡ ይገባ ነበር አሉ። የፈረንሳዩ ዳኛ ቤርናር ደግሞ የነገሩ ዋነኛ ኃላፊ የሚሏቸው ንጉሠ ነገሥት ሳይከሰሱ መቅረታቸው የፍርዱን እኩልነት እንዳጐደለው ጻፉ። እንግዲህ የአንድ ችሎት ዳኞች እንኳ ይህን ያህል ከተለያዩ፥ ነገሩን በጸጥታ መርምሮ የእያንዳንዱን ክርክር ክብደት የሚመዝን ሌላ ሰው እንደሚያስፈልግ ግልጽ ነው።

ነገር ግን መርማሪ ምን ይዞ ይመርምር? በኑረምበርግ ስለ ጀርመን ሹማምንት የተደረገው ፍርድ በ42 መጻሕፍት ታትሞ ለዓለም ሲሰጥ፥ የቶኪዮው ፍርድ ከ400 በላይ ምስክሮች ቃል የሰጡበት ሆኖ ሳለ በወቅቱ በመንግሥታቱ እጅ ሳይታተም ቀረ። የፍርዱ ቃልና የልዩነት ሐሳቦቹ በአንድነት ታትመው የወጡት በ1977 ዓ.ም. በአምስተርዳም ነው፤ ያሳተሙትም ያው የቀድሞው ዳኛ ሮሊንግና አንድ የሕግ መምህር ናቸው። የችሎቱ የዕለት መዝገብ ደግሞ በ1981 ዓ.ም. በታሪክ መርማሪዎች ትጋት መታተም ጀመረ። በዚህ መካከል ስለዚያ ፍርድ የሚወድሰውም የሚነቅፈውም ሰው ብዙ ጊዜ መዝገቡን ሳያይ በወሬ ይናገር ነበር። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ማለታቸው እውነት ነው፤ ተጽፎም ቢሆን ሣጥን ውስጥ ተቈልፎበት የተቀመጠ ነገር ከተረሳው የሚለየው በጥቂቱ ነው።

ከቶኪዮው ችሎት ሌላ እንግሊዞች፥ አውስትራልያውያን፥ ሆላንዶች፥ ፈረንሳዮች፥ ቻይናዎች፥ ፊሊፒኖችና አሜሪካኖች በየያዙት ስፍራ ከ2,000 የሚበልጡ የጦር ወንጀል ክሶችን አይተዋል። በእነዚህ ችሎቶች ከተከሰሱት ብዙዎቹ የጦር እስረኞች ጠባቂዎች፥ የጦር ፖሊሶችና የበታች አለቆች ነበሩ። ተራው ሕዝብ የደረሰበት መከራ በግልጥ የተነገረው በእነዚህ ዘንድ ነው። ለምሳሌ የጃፓን የጦር ፖሊሶች ከ1943 ዓ.ም. ኦክቶበር 10 ቀን ጀምሮ በሲንጋፖር 57 ሰላማውያን ሰዎችን ይዘው ሲያሠቃዩ 15ቱ ሞቱባቸው፤ በ1946 ዓ.ም. በዚያው ከተማ በተደረገው ፍርድ ስምንት ተከሳሾች ሞት ተፈረደባቸው። እንደዚህ ያለው መዝገብ ሁሉ ወደ ለንደን ተወስዶ ለብዙ ዘመን ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ሆኖ ተቀመጠ። በኋላ የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ከተማ በ123 ሰዎች ላይ የተደረጉትን 46 ክሶች፥ የሲንጋፖር መምህራንም በዚያ የተደረጉትን 131 ክሶች ሰብስበውና አዘጋጅተው ማንም ሰው በኢንተርኔት እንዲያነባቸው አደረጉ። በቻይናም የሻንጋይ ጃዎ ቶንግ ዩኒቨርሲቲ በ2011 ዓ.ም. የቶኪዮን ፍርድ ብቻ የሚመረምር ማእከል አቋቋመ። ዛሬ በሲንጋፖር ያለ የልጅ ልጅ አያቱ በማን እጅና በምን ምክንያት እንደ ሞተ ከመዝገቡ ሊያነብ ይችላል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የምርመራ ጥቅም የተፈረደውን በማስታወስ ብቻ አይወሰንም፤ ሳይፈረድበት የቀረውንም ያወጣል። በጦርነቱ ጊዜ የጃፓን ሠራዊት ከኮርያ፥ ከቻይና፥ ከፊሊፒን፥ ከኢንዶኔዥያና ከሌሎችም አገሮች ሴቶችን ሰብስቦ ለወታደሮቹ ባሪያ አድርጓቸው ነበር። በቶኪዮው ችሎት ይህ ግፍ በአንዳንድ ማስረጃ ተጠቅሶ ነበር፤ ራሱን የቻለ ክስ ግን አልሆነም። በ1948 ዓ.ም. ሆላንዶች በባታቪያ በሆላንዳውያት ሴቶች ላይ የተደረገውን ቀጡ፤ በዚያው ምድር የተወለዱት ሴቶች መከራ ግን ሳይፈረድበት ታለፈ። አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ1991 ዓ.ም. ኪም ሃክ ሱን የተባሉ ኮርያዊት እመቤት በአደባባይ ወጥተው ስማቸውን ሳይሸሽጉ የደረሰባቸውን ተናገሩ። የጃፓን መንግሥት ነገሩ የነጋዴዎች ሥራ ነው እያለ ሳለ፥ በቶኪዮ የቹኦ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ዮሺሚ ዮሺያኪ የመከላከያ መሥሪያ ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ፈትሸው ሠራዊቱ በሥራው እንደ ገባበት የሚያስረዱ ወረቀቶች አግኝተው በ1992 ዓ.ም. ጃንዋሪ ለሕዝብ ገለጡ። በሚከተለው ዓመት መንግሥቱ የሠራዊቱን ተሳትፎ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። የእኒያ እመቤት ድፍረትና የዚያ መምህር ትዕግሥት ተባብረው፥ ብዙ ዳኞች ሳይሠሩት የቀረውን ሠሩ። መምህሩ የገዛ አገራቸውን መዝገብ በመፈተሻቸው አገራቸውን አልከዱም፤ ይልቁንም አገራቸው ለእውነት የሚቆም ሰው እንዳላት አስመሰከሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስንመለከት የካምቦጅ ነገር ይመጣል። ከ1975 ዓ.ም. ኤፕሪል ጀምሮ እስከ 1979 ዓ.ም. ጃንዋሪ ድረስ ክሜር ሩዥ የተባለው ወገን በገዛ በአራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ፥ ሊቃውንቱ እንደሚገምቱት ወደ 1,700,000 የሚጠጋ ሕዝብ በረኃብ፥ በድካም፥ በበሽታና በግድያ አለቀ። መሪው ፖል ፖት ለዓለም አቀፍ ፍርድ ሳይቀርብ በ1998 ዓ.ም. ሞተ። የተባበሩት መንግሥታትና የካምቦጅ መንግሥት ተስማምተው ያቋቋሙት ልዩ ፍርድ ቤት ሥራውን የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከግፉ 27 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ማስረጃው እንዳይጠፋ ማን ጠበቀው ቢባል፥ ዩኒቨርሲቲ ጠበቀው ብለን እንመልሳለን። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ በ1994 ዓ.ም. የካምቦጅን የዘር ማጥፋት የሚመረምር ክፍል አቋቁሞ፥ በሚከተለው ዓመት በፕኖም ፔን ቅርንጫፍ ከፈተ። ቅርንጫፉም በ1997 ዓ.ም. ራሱን ችሎ የካምቦጅ ሰዎች የሚመሩት የሰነድ ማእከል ሆነ። እነዚህ ሰዎች የእስር ቤት መዝገቦችን ሰበሰቡ፤ የጅምላ መቃብሮችን ስፍራ ለዩ፤ የተረፉትን ሰዎች ቃል ጻፉ። ፍርድ ቤቱ በተከፈተ ጊዜ ዐቃብያነ ሕግም ጠበቆችም ከዚህ ጐተራ ዘገኑ።

ያ ፍርድ ቤት በ16 ዓመት ሥራው የፈረደው በሦስት ሰዎች ላይ ብቻ ነው። ከ12,000 በላይ ሰዎች የጠፉበትን የእስር ቤት ያዘዘው ዱች የተባለው ሰው በ2010 ዓ.ም. 35 ዓመት ተፈርዶበት በይግባኝ ጊዜ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ከፍ አለበት። ኑዎን ቺያና ኪዩ ሳምፋን በ2014 ዓ.ም. በሰብአዊ ፍጡር ላይ በተደረገ ወንጀል፥ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ በዘር ማጥፋት ጭምር ተፈረደባቸው። የመጨረሻው የይግባኝ ፍርድ በ2022 ዓ.ም. ተሰጠ። ለሥራው ሁሉ የወጣው ገንዘብ ከ300 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አለፈ።

ይህን ሲሰማ አንዳንድ ሰው «ለሦስት ሽማግሌዎች ይህን ያህል ገንዘብና ዘመን ማጥፋት ምን ይባላል? የሞተውን ሰው ፍርድ አያስነሣው፤ የዳነውን ቁስል መነካካት ለምን ያስፈልጋል?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ቀላል አይደለምና በቀላሉ አናልፈውም። ገንዘቡ ብዙ እንደ ሆነ፥ ዘመኑም እንደ ረዘመ እናምናለን። ነገር ግን የዘገየው ፍርድ የዘገየበት ምክንያት መንግሥታት ለረጅም ጊዜ ጥቅማቸውን በማስቀደማቸው ነው እንጂ ፍርድን በመፈለግ አይደለም። ቁስሉም ድኗል የሚለው ብዙ ጊዜ ያልቈሰለው ሰው ነው፤ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላልና። ደግሞም የፍርዱ ዋጋ በእስረኞች ቍጥር ብቻ አይለካም። በዚያ ፍርድ ቤት ከ3,000 በላይ የተበደሉ ሰዎች የክሱ ተካፋይ ሆነው ተመዘገቡ፤ ሰዎችን በግድ ማጋባት ወንጀል መሆኑ ተፈረደ፤ ነገሩም በገዛ ቋንቋቸው በክሜርኛ ተሰማ። ይህ ሁሉ ለካምቦጅ ልጆች መማሪያ ሆኖ ይቀራል፤ የሚቀረውም የሚያስተምረው ሰው ሲገኝ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ሥራ ያለፈውን መዝገብ በማንበብ ብቻ እንዳልቀረም ልብ ማለት ያስፈልጋል። በካሊፎርኒያ በበርክሌ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የጦር ወንጀል ጥናት ማእከል፥ ሥራው በኋላ ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረው፥ መምህራንና ተማሪዎችን ወደ ችሎቶቹ ልኮ የሚሆነውን እየተከታተሉ እንዲጽፉ አድርጓል። በካምቦጅ ችሎት ተቀምጠው ሳምንት በሳምንት ዘገባ አወጡ። ስለ ምሥራቅ ቲሞርም እንዲሁ አደረጉ። በ1999 ዓ.ም. የዚያች ደሴት ሕዝብ ነጻነቱን በድምፁ ከመረጠ በኋላ ስለ ፈሰሰው ደም ኢንዶኔዥያ በጃካርታ ልዩ ፍርድ ቤት ከፍታ 18 ሰዎችን ከሰሰች። ከ18ቱ 12ቱ በመጀመሪያው ፍርድ ነጻ ወጡ፤ ተፈርዶባቸው የነበሩት ስድስቱም በየጊዜው በይግባኝና በድጋሚ ምርመራ ነጻ ተባሉ። የበርክሌው መምህር ዴቪድ ኮኸን ይህን ችሎት መርምረው በ2003 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ ፍርድ ቤቱ ከመነሻው እንዲወድቅ ሆኖ የተዘጋጀ መሆኑን አስረዱ። በዲሊ በተባበሩት መንግሥታት እርዳታ የቆመውን ችሎትም ገንዘብና ጠበቃ አጥሮት እንደ ነበር ሳይሸሽጉ ተቹት። ዳኛ በሌሎች ላይ ይፈርዳል፤ በዳኛው ሥራ ላይ ግን ሕዝብ ሊፈርድ የሚችለው እንደዚህ ያለ አድልዎ የሌለው ታዛቢ የጻፈውን ሲያገኝ ነው። በእኛም አገር በድሮ ዘመን በላ ልበልሃ ሲባል በአደባባይ የቆመው ሕዝብ የዳኛውን ሚዛን ያይ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ይህም የዚያው ወገን ሥራ ነው።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። የእስያና የኢትዮጵያ ነገር በመንግሥታት ፍርድ ታሪክ ውስጥ ከቶ አይለያይም። ጃፓን በ1931 ዓ.ም. ማንቹሪያን በያዘች ጊዜ የመንግሥታት ማኅበር ነገሩን መርምሮ ነቀፈ እንጂ አላስቆመም። ከአራት ዓመት በኋላ የኢጣልያ ፋሺስት መንግሥት ኢትዮጵያን ሲወር፥ ያው ማኅበር ያንኑ ድካም ደገመ። በምሥራቅ ያልተቀጣ ወራሪ በአፍሪካ ላለው ወራሪ ድፍረት ሰጠ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1936 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው ያስጠነቀቁት፥ ለአንዱ ሕዝብ ያልተፈረደ ፍርድ ለሁሉ እንደሚጐድል ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃም መንገዳቸው አንድ ነበር። በ1943 ዓ.ም. በለንደን የቆመው የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን በቻይና በቹንግኪንግ ከተማ ለሩቅ ምሥራቅ ንኡስ ኮሚሲዮን ነበረው። ኢትዮጵያ ግን ከአባሎቹ መካከል አልተቈጠረችም፤ በደሏም ከጦርነቱ በፊት የሆነ ነው እየተባለ ተገፋ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1948 ዓ.ም. ኮሚሲዮኑ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ በኢጣልያ አለቆች ላይ የቀረበው ክስ ለፍርድ የሚበቃ ነው ብሎ ተቀበለ። ሆኖም በአንዳቸውም ላይ ስለ ኢትዮጵያ ደም ችሎት አልተከፈተም። ግራዚያኒ በ1950 ዓ.ም. በገዛ አገሩ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋራ ስለ ተባበረ ነው እንጂ፥ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር በአዲስ አበባ ስላስፈሰሰው ደም አይደለም፤ እርሱም በዚያው ዓመት ተፈታ። የፍርድ ሚኒስቴር ለኮሚሲዮኑ ያቀረባቸውን ማስረጃዎች ሰብስቦ በሁለት መጻሕፍት አሳትሞ ነበር። የኮሚሲዮኑ መዝገብ ግን ከመንግሥት ፈቃድ ያላገኘ ሰው እንዳያየው ሆኖ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተዘግቶ ቆየ። በለንደን የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት መምህራን ደጋግመው ከጠየቁ በኋላ ነው በእኛ ዘመን ለመርማሪዎች የተከፈተው። የእስያም የኢትዮጵያም ክስ በአንድ መዝገብ ቤት ተቀምጦ፥ በአንድ ትምህርት ቤት ትጋት ወደ ብርሃን ወጣ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድር ነው? ዩኒቨርሲቲዎቻችን ልብ ሊሉት የሚገባ አራት ነገር አለ እንላለን። አንደኛ፥ ስለ ኢትዮጵያ በውጭ አገር የሚገኘውን መዝገብ ግልባጩን አስመጥቶ በአገር ቤት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፥ በአገራችን ፍርድ ቤቶች የተከማቸውን መዝገብ፥ ለምሳሌ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በደርግ ሹማምንት ላይ የተደረገውን ክስ፥ ምስጥና እርጥበት ሳይቀድሙ ማዘጋጀትና ማሳተም ያስፈልጋል። በዚያ መዝገብ ያለው የእናቶች ምስክርነት በአገራችን ቋንቋ የተነገረ ስለሆነ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው የአገራችን ተማሪ ነው። ሦስተኛ፥ የሕግና የታሪክ ተማሪዎቻችን ኑረምበርግን ብቻ ሳይሆን ቶኪዮን፥ ፕኖም ፔንንና ዲሊን እንዲያጠኑ ማድረግ ይገባል፤ የድሃ አገር ሕዝብ በታላላቆች መካከል ፍርድን እንዴት እንደ ፈለገ፥ የት እንዳገኘና የት እንዳጣ የሚታየው በእስያ ነውና። አራተኛ፥ ምርመራው በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ በባዕድ አገር እንዳይቀር፥ ገበሬውና ወታደሩ፥ ባለሱቁና መምህሩ ሊያነቡት በሚችሉት ቋንቋ ይጻፍ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። መርማሪ የሚከበረው ለማንም ሳያዳላ ሲመረምር ነው። የጠላቱን ግፍ እየቈጠረ የወገኑን የሚሸፍን ሊቅ ጠበቃ እንጂ መርማሪ አይባልም። ምሁር የመንግሥት ደመወዝ ቢበላም የተቀጠረው እውነትን እንዲፈልግ ነው፤ መንግሥትም እውነቱ ሲመርረው እንኳ መዝገቡን ሊዘጋበት አይገባም። የቹኦው መምህር ያንን ወረቀት ሊያገኙ የቻሉት የመሥሪያ ቤቱ በር ስለ ተከፈተላቸው ነው። በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ እነዚያ አረጋውያት ቃላቸው እንደ ተረት ተቈጥሮ ወደ መቃብር በወረዱ ነበር።

ጊዜው እየሄደ ነው። በ1991 ዓ.ም. የተናገሩት እመቤት በ1997 ዓ.ም. አርፈዋል። የቶኪዮን ችሎት ያዩ ሰዎች ዛሬ ከጥቂት በቀር በሕይወት የሉም፤ የካምቦጅም ምስክሮች አርጅተዋል። በአገራችንም የፋሺስትን ግፍ በዓይናቸው ካዩት አረጋውያን እጅግ ጥቂቶች ቀርተዋል። በማይጨውና በአዲስ አበባ የሆነውን ከነርሱ አፍ ለመጻፍ የሚቻልበት ጊዜ ሊያልቅ ተቃርቧል። ነገ ምስክር ሲጠራ የሚመልስ ሰው ባይኖር፥ የሚመልሰው መዝገብ ብቻ ይሆናል።

በአገራችን ልማድ የተጠቃ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲል መንገደኛው ሁሉ ይቆማል፤ የሚመታውም እጁን ይሰበስባል። በእስያ ሕዝቦችም ዘንድ ይህ ጩኸት ለብዙ ዘመን ተሰምቷል፤ የቆመለትም አለ፥ እየሰማ ያለፈውም አለ። የሰማውን ያልሰማ አይምሰል፤ የጻፈውን ያሳትም፤ ያሳተመውንም ያስተምር። ይህን የሚያደርግ ዩኒቨርሲቲ ዳኛ ሳይሆን የፍርድ ጠባቂ ይሆናል። የእኛም ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ሥራ ወደ ኋላ እንዳይቀሩ እናሳስባለን።